የወተቴ የመጨረሻ ኩባያ

ሟቹ በሕፃናት ክሊኒኩ አዳራሽ ወለል ላይ ተንጋሎ ነበር። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጉንጨ ሙሉ ሕፃን ይስቅበታል። ከንፈሩ አብጧል፣ አንገቱን ቀይ ሽፍታ ወርሶታል፣ ክራቫቱ ላይ የፈሰሰው ወተት ገና አልደረቀም። የዱቄት ወተት ሻጭ ነው፤ እናቶች «ወተቴ» ይሉታል። በየክሊኒኩ እየዞረ፣ ከጣሳው ዱቄት ጨልፎ በሙቅ ውሃ ይበጠብጥና «ልጃችሁ የሚጠጣውን እኔም እጠጣለሁ» ብሎ ጭልጥ ያደርግ ነበር። ዛሬም ጭልጥ አደረገ። ከዚያ ጉሮሮውን ያዘ፤ ወደቀ፤ አልተነሳም።

መርማሪዋ አጠገቡ ተንበረከከች። በጣቢያው «ሟርቷ» ይሏታል፤ ሰማይ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ የምትጠብቅ ሴት ናትና። የራሷ ልጅ በጨቅላነቱ አንዲት ማንኪያ የላም ወተት ቀምሶ ከንፈሩ ልክ እንዲህ ሲያብጥ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ከሰው ፊት ላይ መጀመሪያ የምታየው ከንፈሩን ነው።

«አቧራ ነው» አለ ከጀርባዋ የቆመው የክሊኒኩ ሐኪም። «አስም ነበረበት። ምንጊዜም አፍንጫው የታፈነ ሰው ነው። አዳራሹ ሲጠረግ አቧራው ተነስቶ ደረቱን ዘጋው። በቃ።»

«አቧራ ከንፈር ያሳብጣል ዶክተር?»

«ልጄ፣ አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ እኔ ሕፃናት አክም ነበር።»

«ማከምዎን አልጠየቅሁም። ማየትዎን ነው የጠየቅሁት።»

ሐኪሙ ስታርች የጠጣውን ነጭ ጋዋኑን አስተካክሎ ፊቱን አዞረ። እንዲህ ያሉትን ሟርቷ ታውቃቸዋለች። የታመመ ልጅ ይዘሽ ስትገቢ ቀና ብለው ሳያዩሽ መድኃኒት ጽፈው የሚጨርሱ ናቸው።

ሳጅኑ እየተቻኮለ መጣ። «አለቃዬ፣ ነገሩ ያለቀ ነው። ውሃውን ከፔርሙዟ የቀዳችለት ያቺ ልጅ እግር እናት ናት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹ልጄን እንዳፈንከው አንተም ታፈን› ብላ ስትረግመው ያልሰማ የለም። ይዣት ልሂድ?»

«እርግማን የሚገድል ቢሆን አንተን ስንቴ በቀበርንህ። አምጣት።»

ወጣቷ እናት ገባች። ሸሚዟ ጡቷ ላይ በሁለት በኩል ርሷል፤ በሚቀጥለው ክፍል ጎረቤቷ የያዘችው ልጇ ያለቅሳል። እያንዳንዷ ለቅሶ ትከሻዋን ታርገፈግፈዋለች።

«ውሃውን እኔ ነኝ የቀዳሁት» አለች። «እኔም ከዚያው ጠጥቻለሁ። እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ልጄ ከጡቴ በቀር የሚስማማው የለም። ጣሳ የሰጠሁት ጊዜ ደረቱ እያፏጨ ከንፈሩ ጠቆረብኝ። ጣቢያ ካሳደሩኝ የባሌ ዘመዶች ጣሳ ይሰጡታል። ከሰጡት አይነጋለትም።»

ሟርቷ ወደ ለቅሶው ዞር ብላ አዳመጠች። «ጣሳውን ማን አስጀመረሽ?»

ወጣቷ በሩን ሰረቅ አድርጋ አየች። በሩ ላይ የክሊኒኩ ዋና ነርስ፣ ሲስተሯ፣ ቆማለች። «ማንም። ራሴ ነኝ።»

«እሺ፤ ዛሬስ ምን አየሽ?»

«ጣሳውን ከፍ አድርጎ ሲያሳየን ሁለት ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር ለጨቅላ ነው፤ ሁለት ቁጥር ስድስት ወር ለሞላው። እኛ ሁላችን የያዝነው ጨቅላ ስለሆነ የሚያሳየን ሁልጊዜ አንድ ቁጥሩን ነበር። ‹ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው› አልኩ በሆዴ።»

ሟርቷ የሟቹን ቦርሳ ከፈተች። ውስጡ ያለው ጣሳ አንድ ቁጥር ነው። ክዳኑን አንስታ አሸተተች፤ ጥሬ ባቄላ ባቄላ ይላል። ማንኪያው ደረቅ ነው። ጎንበስ ብላ የሟቹን ክራቫት አሸተተች፤ እሱ ደግሞ የላም ወተት የላም ወተት ይላል።

«ይሄ ወተት ከሆነ እኔም ላም ነኝ» አለችና ጣሳውን ዘጋችው። «ቦርሳውን ማን ነካው?»

«ሰውየው ሲወድቅ ዶክተሩ የአስም መርጫውን ፈልገውበታል» አለ ሳጅኑ። «በኋላ ሲስተሯ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ዕቃ ሰብስበው ከተቱበት።»

የሟች ሚስት ደረቱ በስሱ የሚያፏጭ ሕፃን ልጇን ታቅፋ መጣች። አላለቀሰችም። ሽቶዋ አዳራሹን ሞላው። የሚያፏጭ ልጅ ታቅፋ ሽቶ የምትርከፈከፍ እናት፣ አለች ሟርቷ በሆዷ።

«ባሌ ወተት አይነካም ነበር» አለች ሚስት። «አለርጂ አለበት፤ አንድ ጉንጭ ይገድለዋል። በማሳያ ጣሳው ውስጥ የአኩሪ አተር ዱቄት እየሞላሁ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«እሱን የሚገድለውን ለሰው ልጅ ያስጠጣ ነበር በይኛ።»

«ሥራ ነው።»

«እውነትሽን ነው፤ የቀባሪም ሥራ ሥራ ነው። ይህን ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ለእናቱ እንኳ አልነገረም።» ሚስት ሕፃኑን ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። «በቅርቡ ግን ተለወጠ። የኛም ልጅ ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። ሲስተር ጋ ወሰድኩት፤ ‹አንቺ ወተትና ቅቤ ተዪ፣ በጡትሽ ያልፍበታል› አሉኝ። ስተው ተሻለው። ባሌ ይህን ካየ በኋላ እንቅልፍ አጣ። ዛሬ ጠዋት ‹የመጨረሻዬ ነው፤ ጠጥቼ ስጨርስ የምጠጣው ምን እንደሆነ ለእናቶቹ እነግራቸዋለሁ። እዚያ ክሊኒክ ጣሳ የሚያሾልክልኝን ሰውም ስም እጠራለሁ። አስጠንቅቄዋለሁ› ብሎኝ ወጣ።»

«ማንን?»

«አልነገረኝም። ዶክተሩ ይመስለኛል። አዳራሹን የሚፈቅድለት እሱ ነው።»

የቀረችው ዋና ነርሷ ነበረች። እናቶች በሌለችበት «ሲስተር ጡት ብቻ» ይሏታል። የክፍሏ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሚያጠቡ እናቶች ሥዕል ተሸፍኗል። በከተማው ሁሉ ለሚጀመረው የጡት ማጥባት ዘመቻ መሪ ሆና ልትሾም ቀኗን እየጠበቀች ነው። የቁም ሳጥኗ ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እኔ ክፍል ጣሳ አይገባም» አለች ሳትጠየቅ። «ያንን ሰው እጠላው ነበር፤ አልደብቅም። ቆሻሻ ነው። እርጥብ ማንኪያውን መልሶ ዱቄቱ ውስጥ ይከታል፤ ዛሬም በጥብጦ ሲያበቃ ያንኑ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። የልጆች ተቅማጥ ከየት ይመጣል ታዲያ?»

«ወተት እንደማይስማማው ያውቁ ነበር?»

«ከየት አውቄ? ታካሚዬ አይደለም። ይልቅ እነዚህን እናቶች ጠይቂ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ ‹ወተቴ ደረቀ› ብለው ወደ ጣሳ የሚሮጡ ሰነፎች ናቸው።»

ሟርቷ አመሰገነቻት። ከልቧ ነበር፤ የፈለገችውን አግኝታለችና።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ አራቱንም አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። የወጣቷ ልጅ ከግድግዳው ወዲያ አሁንም ያለቅሳል፤ ድምፁ ግን እየሰለለ ሄዷል። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሟል። ዛሬ አንድ ሰው ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል፤ የማያውቀው ማንን እንደሆነ ነው።

«ሰውየው የሞተው በወተት ነው» አለች ሟርቷ። «የራሱ ጣሳ ውስጥ ግን ወተት የለም፤ አኩሪ አተር ነው። ስለዚህ ጣሳዎቹ ሁለት ናቸው። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ እናቶቹን ሊቀበል ሲወጣ፣ አንድ ሰው ጣሳውን ለወጠበት። ቀለማቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዲት ቁጥር ናት። ቁጥሯን ያየቻት ይህች ልጅ እግር እናት ብቻ ናት፤ የልጇን ወር የምትቆጥር እሷ ናትና። እሱማ ዓይኑ ከእናቶቹ ላይ አልተነሳም፤ አፍንጫውም የታፈነ ነው፣ ሽታ አይለይም።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ መርጫውን ሲፈልጉ ቦርሳው ውስጥ ጣሳ ነበር?»

«ጣሳ? አልነበረም። ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።»

«ተመስገን፣ አንድ ነገር አይተዋል። እንግዲህ የአኩሪ አተሩ ጣሳ ቦርሳው ውስጥ የገባው ከእርስዎ በኋላ ነው። ከእርስዎ በኋላ ቦርሳውን የነኩት ሲስተር ብቻ ናቸው።»

ነርሷ ሳቅ አለች። «ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ነው የከተትኩት።»

«ጠረጴዛው ላይ የነበረው ማንኪያው እርጥብ ነው። ‹ዛሬም ሲከት አይቼዋለሁ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ቦርሳው ውስጥ ያለው ግን እንደ አሸዋ የደረቀ ነው። ያዩትን ጣሳ አልከተቱም፤ የከተቱትን ደግሞ እሱ አልተጠቀመበትም።»

ነርሷ ሳቋን ትታ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

«አለርጂ እንዳለበት ከየት ላውቅ?»

«ከሱ ሚስት። የምታጠባን እናት ‹ቅቤ ተዪ› የሚል አዋቂ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ በልጄ ጊዜ እኔንም ጠይቀውኛል። ‹ከቤተሰብ ወተት የማይስማማው አለ?› ይላሉ።» ወደ ሚስት ዞረች። «ምን ብለሽ መለስሽ?»

የሚስት ፊት አመድ መሰለ። «አባቱ… አባቱ አንድ ጉንጭ ቢቀምስ ይሞታል አልኳቸው። ለልጁ ብዬ ነው እኮ። ማውራት አልመሰለኝም።»

«አይመስልም። ሐኪም ቤት ስንገባ ያልተጠየቅነውን ሁሉ እንዘረግፋለን። የሚገርመው፣ ዶክተሩ ጋ ብትሄጂ ኖሮ ቀናም ብለው አያዩሽም ነበር፤ ባልሽም ዛሬ ቤቱ ያድር ነበር።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ሲስተር ደግሞ ዶክተሩን ጠንቅቀው ያውቋቸዋል» አለች ሟርቷ። «‹አቧራ› ብለው እንደሚዘጉት ያውቁ ነበር። የዶክተሩን ድንቁርና እንደ ግድግዳ ተደገፉት። አሁን የቁም ሳጥንዎን ቁልፍ።»

«ምን ምክንያት አለኝ? ጣሳን ስዋጋ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት።»

ያን ጊዜ ወጣቷ እናት ተነሳች። «ጣሳውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ወተቴ ያነሰኝ ጊዜ ከቁም ሳጥናቸው አውጥተው ሁለት ቁጥሩን ሰጡኝ። ‹አንድ ቁጥሩ አልቋል፣ ውሃ ጨምሪበት፣ ለማንም እንዳትናገሪ› አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ‹ዝም ካልሽ እመሰክርልሻለሁ› ብለውኝ ነበር።»

ሳጅኑ ቁልፉን ከነርሷ አንገት ወሰደ። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ፊት ለፊት የተጠቀለሉ የጡት ማጥባት ሥዕሎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጣሳ በጣሳ ተደርድሯል። ከሁለት ቁጥሮቹ አንዱ ክዳኑ የተከፈተ ነው። ማንኪያው ላይ ዱቄቱ እንደ ሊጥ ተጣብቋል።

«ለእነዚህ ብዬ ነው እንዴ የምዋረደው?» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ማጥባት የተሳናቸው ከብቶች። ወተት ሻጭ በእነሱ ፊት ስሜን ሊጠራ?»

«ከብትስ ልጇን ታጠባለች፣ ጣሳ አትደብቅም» አለች ሟርቷ። «ሳጅን፣ ውሰዳቸው። ያመጣሃትን ልቀቃት።»

ወጣቷ ግን እስኪሰናበቷት አልጠበቀችም። ልጇን ከጎረቤቷ እጅ ነጥቃ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሟርቷ ተከትላት ወጣችና ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አጠገቧ ቆመች። ያቺን ፉጨት፣ የምታውቃትን ቀጭን የደረት ፉጨት ጠበቀች። ክፉ መጠበቅ አመሏ ነው።

ልጁ ይውጣል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይውጣል። ሌላ ድምፅ የለም። ሟርቷ ግን ገና አላመነችም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጠግቦ እስኪተኛ ድረስ ስታዳምጠው ቆየች።