ሰማያዊው ፓነል

ፕሮጀክተር ጠጋኙ ከአዳራሹ መሃል በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ፕሮጀክተር መብራቱ ጠፍቷል።

መርማሪዋ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ሪሞቱን ፈለገች። ከኋላ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ከሬሳው እስከዚያ በእግሯ ለካች፤ አሥራ አንድ እርምጃ።

«ብቻውን ነበር?» ስትል የአዳራሹን ኃላፊ ጠየቀችው።

«በፊት ለፊት በር ሲገባ ብቻውን ነው። አዲስ ፓነል ከነማሸጊያው ይዞ ነበር። 'ሥዕሉ ቢጫ የሆነብህ ሰማያዊው ፓነል ስለተቃጠለ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እቀይረዋለሁ' አለኝ። እኔን ደግሞ እንዳትጠረጥሪኝ፤ ቤቴ አምፖል እንኳ የምትቀይረው ሚስቴ ናት።»

«ከዚያስ?»

«ኮሪደር ላይ ሆኜ በበሩ ሥር ብርሃን አየሁ። እሰይ፣ ሠራ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ጓ! አለ። ሮጬ ስከፍት ድቅድቅ ጨለማ ነው። መብራት አብርቼ አጠገቡ ስደርስ ኪሱ ውስጥ ስልኩ መጮህ ጀመረ።»

የደወለችው እናቱ ነበረች። መርማሪዋ በማግስቱ ቤቷ ስትሄድ ስልኳን በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር ወርውራዋለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ጠዋት ሲወጣ ሆዴ ፈራ። መሰላል ላይ ተጠንቀቅ ልለው ደወልኩ። ስልኩን ሊያነሳ ሲል ነው የወደቀው።»

«ማን ነገረዎት?»

«ታናሽ ወንድሙ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስፈራለት ኖሬ በፍርሃቴ ገደልኩት፣ ልጄ።»

ታናሽየው ከወንድሙ ጋር በሚሠሩበት ሱቅ ውስጥ አንድ ፕሮጀክተር ፈትቶ ነበር። ጓንት ባጠለቁ ጣቶቹ የጥፍር ስፋት ያላት መስታወት ጠርዟን ይዞ አሳያት።

«ብርሃኑ ሦስት ይከፈላል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። እያንዳንዱ በራሱ ፓነል ያልፋል። እዚህ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል የቱ ጋ ብርሃን እንደሚያልፍ፣ የቱ ጋ እንደሚታገድ ይወስናል። ከዚያ ሦስቱ ተገናኝተው ሥዕል ይሆናሉ።»

«ጓንቱስ?»

«የጣት ቅባት ጠላቷ ነው። ይቺ ሚጢጢ እኮ ናት ግድግዳ የምታክለው» ብሎ ፈገግ አለና ድንገት ፊቱ ጠቆረ።

«ወንድምህ የሞተ ዕለት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ንቅንቅ አላልኩም።» መስታወቷን ወደ ቦታዋ እየመለሰ፣ «ሥራውን እንድንጨርስ የአዳራሹን ፕሮጀክተር መቼ ነው የምትለቁልን?» አላት።

«በስልክ ከጠየቅኸኝ ጋር ይህን ስትጠይቀኝ ሦስተኛህ ነው» አለችው። ጓንቱን ሲያወልቅ የቀኝ አውራ ጣቱን ለሁለት የከፈለ የድሮ ጠባሳ አየች።

በአራተኛው ቀን ሦስቱንም ታሽጎ በቆየው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። እናትየው ወንበር ቢቀርብላትም አልቀመጥም አለች።

«ኃላፊው ብርሃን አየ፤ ሲገባ ግን ጠፍቶ ነበር» አለች መርማሪዋ። «የሞተ ሰው አሥራ አንድ እርምጃ ተራምዶ ፕሮጀክተር አያጠፋም። ያጠፋው ሰው በኋላ በር ወጥቷል።»

ሪሞቱን ተጫነች። ግድግዳው ነጭ ሆነ፤ መሃሉ ላይ ቢጫ እድፍ ወጣ። ጥራቱን ስታስተካክል እድፉ መስመር መስመር እያወጣ መጣ። ሰው የሚያክል የአውራ ጣት አሻራ ነበር፤ ጠባሳ ለሁለት የከፈለው።

«ፓነሉ ታሽጎ ገባ። የተቀደደውን ማሸጊያ ከሟች ኪስ አግኝተነዋል፤ ስለዚህ የተከፈተው እዚህ ነው። ሟች በሁለቱም እጁ ጓንት አጥልቆ ነበር። በባዶ እጁ የነካው ሰው ያን ጠዋት እዚህ ነበር ማለት ነው።»

ታናሽየው ወደ ግድግዳው ማየት አልቻለም።

«በኋላ በር፣ በዕቃ ማስገቢያው ነው የገባሁት። ጓንቴን ረስቼ ነበር። ፓነሉን አቀበልኩት፤ ሳያይ ገጠመው። 'አብራው' አለኝ፣ አበራሁት። ጣቴን ግድግዳው ላይ ሲያየው ሳቀብኝ። 'አሥር ዓመት ተምረህ ይኸው ዲፕሎማህ! ፍሬም ግዛለት!' አለኝ። መሰላሉን ደግፌለት ነበር... ለቀቅኩት። አልገፋሁትም። ወለሉ እንደሚያንሸራትት እያወቅሁ ጥዬው ሄድኩ። ሲወድቅ በሩ ጋ ነበርኩ። አጥፍቼው ወጣሁ።»

«ስልክ ሊያነሳ ሲል ነው አልከኝ» አለች እናቱ።

«ሲጮህ ከውጭ ሰማሁት፣ እማዬ። በኋላ ስታለቅሺ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።»

መርማሪዋ ትከሻዋን ደገፈቻት። «እናቴ፣ ስልኩ የጮኸው ከወደቀ በኋላ ነው። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

እናትየው የቀራትን ልጅ አየችው። አንድ ፖሊስ እጁን ይዞት ነበር።

«የገደልኩት እኔ ብሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «እኔ ብሆን አንዱ ይቀርልኝ ነበር።»