አንድ ማንኪያ ይበቃል

ካፒቴን ኖርካ ቹምቢያውካ ስትደርስ ሬሳው ገና ከጠረጴዛው ሥር አልተነሣም ነበር። ሟቹ ዊልደር ሳልሴዶ የሚባል ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ጠፍተዋል፤ የሸሚዙን ቁልፎች ራሱ በጣጥሷቸዋል። አጠገቡ የወደቀው ማንኪያ ላይ ቢጫ ወጥ ቀርቷል። አሂ ዴ ጋዪና የሚባለው የዶሮ ወጥ ነው፤ ሊማ ውስጥ ያለ እሱ ድግስ ተደገሰ አይባልም።

የሞተው ብሬኛ ሰፈር፣ «ላ ሬታማ» በሚባል ትንሽ የድግስ ምግብ አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ነው። ፕሮጀክተሩን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ስላልነበረ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ እንደበራ ነው። ኖርካ ቀርባ አነበበች። «ዊልደር ሳልሴዶ። ኦቾሎኒ አይስማማውም፤ ለሞት ያሰጋዋል። አሂ ዴ ጋዪና ኦቾሎኒ የለበትም። ይቅረብለት።» ዙሪያው በሙሉ አረንጓዴ ነው።

አንብባ ፕሮጀክተሩን አጠፋች፤ ስለ ጽሑፉም ለማንም አልተነፈሰችም። የሟቹን ቦርሳ ስትፈትሽ ኦቾሎኒ ቢበላ ወዲያው ተወግቶ የሚድንበት መርፌ አገኘች። ማሸጊያው አልተነካም። ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ያቺን መርፌ ግን እያገላበጠች ቆየች።

በማግስቱ የላቦራቶሪው መልስ መጣ። ወጡ ውስጥ የተፈጨ ኦቾሎኒ አለ።

መጀመሪያ የጠራችው ኦክታቪዮን ነው። የድርጅቱ ባለቤት የዶኛ ፊዴላ የወንድም ልጅ ሲሆን፣ ትዕዛዝ በስልክ ይቀበላል፣ ከግቢው ማዶ ወደ ወጥ ቤት ይጮኻል፣ ምግቡንም በመኪና ያደርሳል።

«ከዊልደር ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ማን ያልተጣላው አለ ካፒቴን? ወራት ሙሉ ሲጠይቅ ነው የከረመው። ትዕዛዝ ከየት ይመጣል? ለማን ትነግራለህ? ከመጋዘን ማን ያወጣል? ሁሉን በሣጥንና በቀስት እየሣለ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። አንድ ቀን ቀና ብል እኔ የምባለው ሰው አንዲት ሣጥን ሆኛለሁ። በሚቀጥለው ሥዕል ሣጥኗም የለች!»

«ስለዚህ ገደልከው?»

«ኧረ በፈጠረዎት! ብገድልማ ኮምፒውተሩን ነበር።» ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። «ደግሞ ልጁ የኛን ምግብ ቀምሶ አያውቅም። እናቱ የቋጠረችለትን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ‹ጌታው፣ የኛ ቆሸሸብህ?› እያልን እንተርበው ነበር። ምክንያቱን ግን አንድም ቀን አልነገረን።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን በላ?»

«የክሊኒኩ ሴትዮ ናት ያስበላችው። ለበሽተኞቻቸው ምግብ እንድናቀርብ ልትፈርም መጥታ ነበር። ያ ውል ከቀረ ቤቱ እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። ዊልደር የሚሠራውን ሲስተምም የፈለጉት እነሱ ናቸው፤ የትኛው በሽተኛ ምን እንደማይስማማው እንዲለይላቸው። ‹አንተ ራስህ ታምነዋለህ?› አለችው። እሱም ዝም ብሎ የሆነ ነገር ጻፈና ‹ይኸው፣ ይሄ እኔ ነኝ› አለ። አረንጓዴ በራ። ጽሑፉን ማን ያነባል? ሁላችንም አጨበጨብን።»

«ወጡን አንተም በልተሃል?»

«ከዚያው ድስት። የሁልጊዜው ጣዕም ነው። እሱ አንድ ማንኪያ ጎርሶ ሊደግም ሲል አክስቴ ሳህኑን ከእጁ ወሰደችበት። ‹አንድ ማንኪያ ይበቃል› አለችው።»

ኖርካ መጻፏን አቆመች። «አክስትህ? ይበቃል አለች?»

«እኔም ገርሞኛል። አክስቴ እኮ ሰው ጠገብኩ ቢል እንኳ ምርቃት ሳትጨምር አትለቅም።»

ሊማ ውስጥ ምርቃት የሚነፍግ ምግብ አቅራቢ ቢዘጋ የሚያዝንለት የለም፤ ዶኛ ፊዴላ ደግሞ በምርቃቷ ነው ሰፈሩ የሚያውቃት። ኖርካ ነገሩን በልቧ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

አብሳይዋ ኤውዶሲያ ጨለም ባለው ጥግ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ለማን እንደምትለቅም አልታወቀም፤ ልጁ ከሞተ ወዲህ ትዕዛዝ የሚባል ነገር ቀርቷል።

«አሂ ዴ ጋዪናውን ከምን ከምን ነው የሚሠሩት እትዬ?»

«ለልጁም ነግሬዋለሁ። ዶሮ፣ ወተት የጠጣ ዳቦ፣ ቢጫ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ አይብ። ሌላ ምን ሊገባበት?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ማሽኑ እንጀራዬን ይወስድብኛል ብለው አልፈሩም?»

«ፈርቼ ነበር እንጂ! ግን ልጁን ወደድኩት። ‹እትዬ፣ አንድ ቁንጥር ስንት ነው?› ይለኛል። ‹ቁንጥር ቁንጥር ነዋ!› እለዋለሁ። ቁንጥር ሊመዝን ሚዛን ይዞልኝ መጣ እኮ፣ ልጄ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ኖርካ ቃሏን የጻፈችበትን ወረቀት ዘረጋችላት። «አንብበው ይፈርሙልኝ።»

«መነጽሬን ቤት ረስቼው መጣሁ። አንቺው አንብቢልኝ።»

ኖርካ አነበበችላት፤ ኤውዶሲያም አንድ መስመር ጫረችበት። ከዚያ ከምስሩ መሃል ከአሸዋ የማትበልጥ ጠጠር ለይታ ወረወረች።

ኖርካ ስትወጣ ቅመም የሚፈጭበት የድንጋይ ወፍጮ አጠገብ ቆመች። ታጥቦ ደርቋል። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችና አሸተተችው። ቅባቱ ድንጋዩ ውስጥ ድረስ ጠልቋል፤ የኦቾሎኒ ሽታ ነው።

ዶኛ ፊዴላን ቢሮዋ አገኘቻት። ጥቁር ለብሳለች።

«አምቡላንስ የጠሩት እርስዎ ነዎት። ምን አሏቸው?»

«ልቡን ነው አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?»

«ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አላነበቡም?»

«በዚያ ግርግር ማን ያነባል ካፒቴን?» አለች፤ ዓይኗን ግን ወደ መስኮቱ አሸሸች።

በነጋታው ኖርካ ሦስቱንም ዊልደር በሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። የክሊኒኩ ሴትዮ አልመጣችም፤ ውሉን ለሌላ ድርጅት ሰጥተውታል። ሣጥንና ቀስት የተሣለባቸው ወረቀቶች ግድግዳው ላይ እንደተለጠፉ ናቸው።

«ዊልደርን የገደለው ወጡ ውስጥ የነበረው ኦቾሎኒ ነው» አለች።

ኤውዶሲያ ግራ ተጋባች። «ኦቾሎኒ ሰው ይገድላል እንዴ?»

«እሱን ይገድለው ነበር እትዬ። ያን ቀን ግን ማንም አልጨመረበትም። ኦክታቪዮ ከዚያው ድስት በልቶ የሁልጊዜው ጣዕም ነው አለኝ። ወፍጮው የዓመታት ቅባት ጠጥቷል። ኦቾሎኒው ድሮም የነበረ ነው። ማሽኑ ግን የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ይሄ አልተነገረውም።»

ኤውዶሲያ ዶኛ ፊዴላን አየቻት። «ተይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ፣ እትዬ። ‹ሌላውን ሁሉ ንገሪው፣ እሱን ብቻ ተዪው› አልሽኝ።»

«የእናቴ ምሥጢር ነው» አለች ፊዴላ። «ማሽን ውስጥ ገብቶ ነገ በማን ኪስ እንደሚወጣ ምን አውቃለሁ?»

«እስከዚህ ጥፋት ነው፣ ግድያ አይደለም» አለች ኖርካ። «ግን ሊጎርስ ሲል ‹ተው!› ማለት የሚችል ሰው ሁለት ነገር ማወቅ ነበረበት፤ የወጡን ምሥጢርና የልጁን ሕመም። ሕመሙን ደግሞ በአፉ አልተናገረም፤ ግድግዳው ላይ ነው የጻፈው። ኦክታቪዮ ምሥጢሩን አያውቅም። እትዬ ኤውዶሲያ ያውቃሉ፤ ነገር ግን...» ኤውዶሲያን ላለማየት ወደ ወረቀቶቹ ዞረች። «መነጽራቸውን አልያዙም ነበር።»

ኤውዶሲያ አንገቷን ደፋች። ኖርካን ያን ያህል መናገሩም ከበዳት።

«እርስዎ ግን አንብበዋል ዶኛ ፊዴላ። ለዚህ ነው በሕይወትዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው እጅ ሳህን የወሰዱት።»

ፊዴላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሴትዮዋ ልትፈርም እስክሪብቶዋን አውጥታ ነበር» አለች በመጨረሻ። «‹አትብላ› ብል ማሽኑ ገና ከመጀመሪያው መዋሸቱን በአፌ ልመሰክር ነው። ቤቱ ሊዘጋ፣ እነዚህም ሜዳ ላይ ሊወድቁብኝ። አንድ ማንኪያ ምን ያደርገዋል ብዬ...»

«ሲወድቅስ? መርፌው ቦርሳው ውስጥ ነበር። ‹ኦቾሎኒ በልቶ ነው› ቢሉ በስልክ እንኳ ‹ቦርሳውን ፈትሹ› ይሉዎት ነበር። እርስዎ ግን ልቡን ነው አሉ።»

«አክስቴ!» አለ ኦክታቪዮ።

ፖሊሶቹ ዶኛ ፊዴላን ይዘዋት ወጡ። ዝም ማለትን ዳኛው ከመግደል ይቁጠረው አይቁጠረው ኖርካ አታውቅም። የምታውቀው ለዊልደር እናት ዛሬውኑ መንገር እንዳለባት ነው። ኦክታቪዮ ስልኩ ሲጮኽ አየውና ዘጋው።

ኖርካ ልትወጣ ስትል ኤውዶሲያ እጅጌዋን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ምን ይል ነበር? እስቲ አንብቢልኝ።»

ጽሑፉ በርቶበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ኖርካ ግን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ ቀስ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት።

አሮጊቷ መዳፎቿን ዘርግታ አየቻቸው።

«እኔ እኮ አረንጓዴውን ነው ያየሁት» አለች። «ጎበዝ፣ ተሳካለት ብዬ... እኔም አጨበጨብኩለት።»