የመቶ እንቁላል ስለት

የመካንነት ክሊኒኩ የፅንስ ባለሙያ ሱቺን ሞታ የተገኘችው በማለዳ፣ በቅዝቃዜ እንደ በረዶ የጠጠሩ ፅንሶች በሚቀመጡበት ክፍል፣ ከፈሳሽ ናይትሮጂን በርሜሎቹ መካከል ነው። ፊቷ ላይ አንዳች ጭንቀት አልነበረም። ሥራ አድክሟት ሸለብ ያደረጋት ትመስል ነበር።

ኢንስፔክተር ሳንግዋን ግን ክሊኒኩ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ሬሳውን ሳይሆን እንቁላሉን ነው። በግቢው ጥግ፣ የቦታው አድባር ከምትለመንበት ትንሽ ጎጆ ሥር፣ መቶ የሚሆን የተቀቀለ እንቁላል በትሪ ላይ ተደርድሯል። በሩ ላይ የቆመችው ነርስም አንዱን እየላጠች ታለቅስ ነበር።

«ይብሉ ጋሼ፤ የስለት ነው» አለችው። «ወይዘሮ ኦራፋን ናት ጎህ ሲቀድ ያስገባችው። ምስኪን! ዛሬ እኮ ቀኗ ነበር። ፅንሷ እህቷ ማህፀን ሊገባላት ነበር።»

«የሱቺንን መሞት ሰምታ ነው የመጣችው?»

«ኧረ የት ሰምታ! እሷ ስትመጣ እኛም አልሰማንም።»

ሳንግዋን ሐኪም እንቁላል የከለከለው፣ ሆዱ ከቀበቶው የሚቀድም፣ ጡረታ የቀረበው ሰው ነው። አንዱን አነሳና ለምርመራ ነው ብሎ ኪሱ ከተተ። ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ በላው።

ሬሳውን ያገኘችው የሱቺን ረዳት ፓትራ ናት። በቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ናይትሮጂን አይሸትም፣ አያስልም» አለችው። «አየሩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ሁለት ሦስቴ ተንፍሶ መውደቅ ነው። ለዚህ ነው አየሩን የሚቀይረው ቬንትሌተር ጨርሶ የማይጠፋው።»

«ማጥፊያው የት ነው?»

«ይኸው፣ ከበሩ ውጪ።»

«ጠዋት ስትመጪ ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ እየሠራ ነበር! ድምፁን ሰምቼ አይደል ያለ ሥጋት የገባሁት።»

ሳንግዋን ዙሪያውን ቃኘ። የናይትሮጂኑ ቱቦ ከበርሜሉ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ወፍራሙ የእጅ ጓንት ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ከሬሳው አጠገብ ቀጭን ዘንግ ወድቋል፤ ዘንጉ ላይ የኦራፋንና የባሏ የታኔት ስም ተጽፏል።

«ፅንሷ እዚህ ላይ ነበረች?»

«አዎ። ሞታለች» አለች ፓትራ። «የመጨረሻቸው ነበረች። ሌሎቹ ሁሉ ገና ከመነሻው ሳያድጉ ቀሩባቸው።»

«ሱቺንን ትወጃት ነበር?»

ፓትራ ዓይኗን አልሰበረችም። «እቀናባት ነበር። እኩል እንሠራለን፤ እናቶቹ ማንጎ የሚያመጡት ለሷ፣ ልጆቻቸውን የሚሰይሙት በሷ ስም። እኔን ሲያዩ “እትዬ ሱቺን የለችም?” ነው። ቅናት አንጀቴን በልቶታል፣ ምን ልደብቅዎት። ግን አልገደልኳትም።»

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ክሪት ወንበሩ ላይ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል። «አደጋ ነው ኢንስፔክተር! የክፍሉ የማስጠንቀቂያ ደወል ከተበላሸ ቆይቷል። ዛሬ ነገ ስል አላሠራሁትም። ልከሰስ፣ ይገባኛል። ግን አደጋ ነው።»

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሚስት ብቻዋን መጥታ ፅንሴን አስወግዱልኝ ብትል ታስወግዳላችሁ?»

«በፍጹም! የሁለቱም ነው፤ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሱቺን በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር።»

ኦራፋን በእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ሁለት እጆቿን በሐር ሻርፗ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ማህፀኗ በሕመም ከወጣ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትፈልግ ኖራለች። በአገሩ ሕግ ማህፀን የምታውስ ሴት የሥጋ ዘመድ መሆን ስላለባት፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ታናሽ እህቷ ዊፋ ልትሸከምላት ተስማማች።

«እህትዎ መልካም ሰው ናት» አላት ሳንግዋን።

«መልካም ናት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል» አለች ኦራፋን። «ባሌማ ከቤቷ አይጠፋም። በየጠዋቱ የሩዝ ሾርባ ይወስድላታል። እኔን በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን “በላሽ ወይ?” ብሎኝ አያውቅም። ለፅንሱ ነው ይላል።» ሳቀች። «ፅንሱ እኮ ገና በርሜል ውስጥ ነው!»

«ስለቱን ምን ብለው ተሳሉ?»

«ልጅ ስጪኝ ብዬ ነዋ! ሌላ ምን እሳላለሁ?»

ዊፋ ተራዋ ሲደርስ ስታለቅስ ቆይታ ዓይኗ አብጦ ነበር። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ሱቺን አንድ ነገር ነግሬያት ነበር። ለእህቴ በለዘብታ ልትነግርልኝ ቃል ገባችልኝ። ነገረቻት ይሆን?»

ነገሩን በጆሮው ነገረችው። ሳንግዋን ቆቡን አውልቆ ራሱን ሲያሻሽ ቆየ። ብዙ ሬሳ ያየ ሰው ነው፤ ይህኛው ግን አመመው። «እኔ ተናገሪ እስክልሽ ለማንም እንዳትተነፍሺ» አላት።

ከዚያም ሁሉንም በእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ በክሊኒኩ የተፀነሱ ሕፃናት ፎቶግራፍ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ሰበሰባቸው። ታኔት ከሚስቱ አጠገብ ይቀመጥ ከእህቷ መምረጥ አቅቶት፣ መጨረሻ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» ሲል ጀመረ ሳንግዋን። «ዶክተር ክሪት አደጋ ነው ይላል። ቬንትሌተሩ እየሠራ ቢያድር ኖሮ ሱቺን ባልሞተች። ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ጠዋት ግን ይሠራል፤ ማጥፊያውም ከውጪ ነው። ሙት ተነስቶ ቬንትሌተር አያበራም። አንድ ሰው አጥፍቶ ገደላት፤ አየሩ ሲጠራለት ደግሞ ገባ።»

«ምን ሊያደርግ?» አለ ታኔት።

«ፅንሷን ሊያወጣ። ፓትራ ብትሆን ይህ ሁሉ ምን አደከማት? ዛሬ ጠዋት ፅንሷን ከበረዶ የምታላቅቀው እሷው ነበረች። እጇን ትንሽ ብታዘገይ ማን ያውቅባታል? ደግሞም የዚህ ሥራ ሰው ያንን ዘንግ ያለ ጓንት አይነካም። ዶክተሩም ቢሆን የራሱን ክሊኒክ አያፈርስም። ይህን ያደረገው ሱቺን አምናው ወደ ውስጥ ያስገባችው፣ ሙያው ግን የሌለው ሰው ነው። ጓንት የሌለው ሰው።»

ከግቢው ያስመጣውን እንቁላል ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አደለ። «እስቲ ላጡ።»

«አሁን የመብላት ጊዜ ነው?» አለች ኦራፋን።

«አይብሉት፤ ይላጡት ብቻ።»

ዊፋ እያለቀሰች ላጠች። ፓትራ ላጠች። ዶክተሩም ላጠ። ኦራፋን ግን እንቁላሉን በመዳፏ እንደያዘች ቀረች። ሻርፗ ከእጇ ሲንሸራተት የጣቶቿ ጫፎች ነጭ ሆነው ውሃ ቋጥረው ታዩ።

«ያ ቅዝቃዜ እንደ እሳት ያቃጥላል» አለ ሳንግዋን። «እኔ ግን ጣትዎን ሳላይ ነው የጠረጠርኩት። እዚህ አገር ሰው ሲለምን አበባ ይዞ ይመጣል፤ እንቁላሉ የሚገባው ስለቱ ሲደርስ ነው። ለሎተሪ የሚሳል እንኳ ቁጥሩ ሳይወጣ አይከፍልም። ልጅ ስጪኝ ካሉ ገና ምን ተሰጥቶዎት ነበር? ጎህ ሲቀድ የደረሰልዎት ነገር ምንድነው?»

ታኔት «ኦራፋን?» አለ። እሷ ግን አላየችውም፤ ዓይኗ እህቷ ላይ ነበር።

«ልጄ እሷ ሆድ ውስጥ እንዳትገባ ነው የተሳልኩት» አለች። «መጀመሪያ ባሌን፣ ቀጥላ ልጄን ልትወስድብኝ! ሆዷን እየዳበሰ፣ ሾርባ እያጠጣ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ልይ?»

«ሱቺንስ ምን በደለችሽ?» አለ ሳንግዋን። ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀረ።

«ማታ በጓሮ በር አስገባችኝ። አስወግጂልኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። “ባልሽ ሳይፈቅድ አልነካትም” አለች። እንድሰናበታት እንኳ አሳዪኝ አልኳት፤ አዘነችልኝና ይዛኝ ገባች። “አሁን ሂጂና ተኚ፤ ጠዋት ከዊፋ ጋር ሆነን እናወራለን” አለችኝ። እሷም ከነሱ ያበረች መሰለኝ። ቱቦውን ነቅዬ ወጣሁና... በሩን ዘጋሁት። ቬንትሌተሩንም አጠፋሁት። የሚሆነውን አውቅ ነበር፤ ራሷ ናት የነገረችኝ።»

ፓትራ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሳንግዋን ወደ ዊፋ ዞረ።

«አሁን ንገሪያት።»

«እትዬ...» አለች ዊፋ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ሱቺን አልሸከምም ብያት ነበር። ዓይንሽን አይቼ ነው። ልጅ ወልጄልሽ እህቴን ከማጣ ይቅርብኝ አልኩ። እሷም “ፅንሷ ትቆይ፣ የእህትሽ ልብ ይረፍ፣ ሌላ ጊዜ አለ” አለችኝ። ጠዋት ልትነግርሽ የነበረው ይህንኑ ነው።»

ኦራፋን በመስኮቱ ወደ አድባሯ ጎጆ አየች። ትሪው ላይ ጥቂት እንቁላሎች ቀርተው ነበር።

«ደርሶልኝ ነበር?» አለች።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ደርሶልሽ ነበር» አለ ሳንግዋን። «የቀረብሽ ዕዳ እንቁላሉ ብቻ ነበር።»