እየሳቃችሁ ኑ

ደምሌ እድላዊትን መጀመሪያ ያያት እጁ እስከ ክርኑ ላም ውስጥ ገብቶ ሳለ ነው።

የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ንፋስ መውጫ ከተመደበ ገና ዓመት አልሞላውም። የዚያን ቀን ከከተማው በታች፣ ከገብሱ ማሳ አጠገብ ካለች አንዲት ቤት ተጠርቶ ሄደ። የወይዘሮ የሺ ላም ምጥ ጠንቶባታል። የጥጃው እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ላሟ ትራገጣለች፣ ወይዘሮ የሺ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፣ ልጃቸው ደግሞ የላሟን ቀንድ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዣት እንጂ!» አላት ቀና ሳይል።

«እኔስ ይዣታለሁ። የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ።»

እውነቷን ነበር። ቀና ሲል ዓይኗ ዓይኑ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ጥጃው ወጣ። ሲተነፍስ ሁለቱም እኩል ሳቁ።

«ይህ ጉልበት ከየት የመጣ ነው?» አላት በኋላ፣ ውኃ ስታፈስለት።

«ከሠራዊቱ። ሃምሳ አለቃ ነኝ፤ ለፈቃድ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ወዲህ ደምሌ «ጥጃውን ልየው» እያለ ተመላለሰ። ጥጃው ከሐኪሙ የተሻለ ጤና እንዳለው ወይዘሮ የሺ ያውቁ ነበር፤ ግን ዝም አሉ።

ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል እድላዊት ነገረችው። ወደ ደቡብ ሱዳን ለሰላም ማስከበር ተመልሳ ልትሄድ ነው።

«ቅሪ» አላት። «ቅሪና ሽማግሌ ልላክ።»

ነፋሱ ገብሱን ወዲያና ወዲህ ያስተኛዋል። እሷ ገብሱን ታያለች፤ እሱ እሷን ያያል።

«እዚያ ሴቶቹ ከመጠለያው ወጥተው እንጨት ይለቅማሉ» አለች በመጨረሻ። «ጫካው ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቃቸው አለ። ወንዶቹ ወታደሮች ምን ደረሰባችሁ ብለው ሲጠይቋቸው መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ቀን ሞቆኝ የራስ ቁሬን ሳወልቅ አንዷ ሹሩባዬን አየችው። መጥታ ነካችው። ከዚያ ሌሎቹም መጡ። ቋንቋ የለን፣ ምን የለን፤ የሚፈሩትን መንገድ በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። አሁን እኔ አብሬ ካልወጣሁ ወደ ጫካው አይሄዱም።»

«ሌላ ሴት ወታደር የለችም?»

«አለን፤ ግን ጥቂት ነን። አንተ ላም ምጥ ይዟት ስትጠራ 'ሌላ ሐኪም የለም ወይ?' ትላለህ?»

ደምሌ ከገብሱ አንድ ዛላ ቀጠፈ።

«ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ» አለች እየተነሳች፣ «ከመጣሁ በኋላ አይደለም፣ እዚያ እያለሁ ላክ። የፈለግኸው ላም የያዘችልህን ብቻ ሳይሆን ወታደሯንም እንደሆነ አገር ይወቀው።»

በማግስቱ ሄደች።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት ደምሌ ቤት ገብቶ የተቀመጠው። ሰው ሲያስነጥስ ይደነግጣል። መሥሪያ ቤት አብሮት የሚሠራው ካሳ ደግሞ አይምረውም።

«አይ ደምሌ! ድሮ ባል ሲዘምት ሚስት ነበረች ስንቅ የምትቋጥር። በሶውን በደንብ ፈጭተኸዋል?»

«ፈጭቼዋለሁ። አንተም እንዳትዘምት ሰጋህ?» ይላል ደምሌ፤ ሆዱ ግን አብሮት አይቀልድም።

እሑድ እሑድ ወይዘሮ የሺ ዘንድ ይሄዳል። ስልኩ የሚሠራው ከበረቱ ካብ ላይ ሲያስቀምጡት ብቻ ነው። እድላዊት እስክትደውል ድረስ ካቡ ሥር ተቀምጠው ስለ ላሟ ያወራሉ። ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ አንዳቸውም በስሙ አይጠሩትም።

አንድ እሑድ ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። በዚያው ሳምንት ደምሌ በሬዲዮ ሰማ፦ ደቡብ ሱዳን ውስጥ የሰላም አስከባሪዎች መኪና ላይ ተተኩሷል። ስም አልተጠራም። ለወይዘሮ የሺ አልነገራቸውም። እሳቸውም ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምተው ኖሯል፤ ለእሱ አልነገሩትም።

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ደግሞ በዚያው ቅዳሜ ነበር። አንደኛው አጎቱ አቶ አያሌው ናቸው፤ ሁለተኛው የቤተ ልሔም ገዳም የድጓ መምህር መሪጌታ ቀለመ ወርቅ።

«ልጄ፣ ነገሩ እስኪጠራ ብናቆየውስ?» አሉ አቶ አያሌው።

«የለም ጋሼ። ዛሬ ብቀር እኔው ራሴ ሞታለች ማለቴ ነው። እዚያ እያለሁ ላክ ብላኛለች፤ እዚያ ናት።»

ሽማግሌ ለልጅ ልመና የሚሄደው በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። መርዶ ነጋሪም የሚሄደው በማለዳ ነው። ይህን ከሦስቱ አንዱ እንኳ አላሰበውም።

የአቶ አያሌው ዓይን ደከም ስለሚል ደምሌ እጃቸውን ይዞ እስከ አጥሩ አደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ መግባት ለእሱ ወግ አይደለም፤ ከካቡ ኋላ ቀረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው በዝምታ ወደ ቤቱ አዘገሙ።

ወይዘሮ የሺ ላሟን ሊያልቡ በር ከፈቱ። አዩዋቸው። የያዙት ቅል ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄን!»

ጩኸቱ ደምሌን ካለበት አነሳው። በቃ፣ አለ በልቡ፤ ማታ ከሠራዊቱ ደውለው ለእናቷ ነግረዋቸዋል። አጥሩን ዘሎ፣ ወግ የሚባለውን ረስቶ፣ እያለቀሰ ገባ። ወይዘሮ የሺ የሐኪሙን እንባ ሲያዩ የቀረቻቸው ትንሽ ተስፋም ጠፋች። ደረታቸውን እየመቱ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ጎረቤት «ወየው! ወየው!» እያለ ነጠላውን ዘቅዝቆ ደረሰ። መሪጌታ ሊያስረዱ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ማን ይስማቸው!

በመጨረሻ አቶ አያሌው ዘንጋቸውን ከበሩ መቃን ጋር አጋጩት።

«ዝም በሉ! እኛ ልጅ ልንለምን መጣን እንጂ ሞት ልናወራ አልመጣንም!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ወይዘሮ የሺ ከመሬት ቀና አሉ፤ ፊታቸው አፈር ሆኗል። ደምሌን ትኩር ብለው አዩት።

«አንተስ ምን ሰምተህ ነው የምታለቅሰው?»

«እርስዎን ሰምቼ ነው።»

«እኔ እኮ እነሱን አይቼ ነው!»

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ ጎንበስ ብለው፣ «ይቅር ይበሉን፤ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ።

«በሕይወት መኖሯን ሳላውቅ ማንን ልስጥ?» አሉ ወይዘሮ የሺ። «ሂዱልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ጎረቤቶቹም «በቁሟ ተለቀሰላት፤ ገዱ ክፉ ነው» እያሉ ተበተኑ። ደምሌ ግን አልሄደም። ላሟን አለበ፣ ጥጃውን አጠጣ፣ ከዚያ ካቡ ሥር ተቀመጠ። ወይዘሮ የሺም መጥተው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ስለ ላሟ እንኳ አላወሩም። በማግስቱም እንዲሁ ተቀመጡ።

ስልኩ የጮኸው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሁለቱም ብድግ አሉ፤ ግን አልተጠጉትም።

«አንሳው» አሉት።

«እርስዎ ያንሱት።»

«አልችልም፤ አንተ አንሳው!»

አነሳው። እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ከሩቅ፣ «እማዬ?»

«እኔ ነኝ» አለ ደምሌ በመከራ።

«ደምሌ? የእማዬን ስልክ ምን ብለህ አነሳኸው? እማዬ ምን ሆነች? ተናገር እንጂ!»

«ደህና ናቸው! ደህና ናቸው! አንቺ ነሽ...» አልጨረሰውም። ወይዘሮ የሺ ስልኩን ከእጁ ነጠቁት።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ እማዬ። ኔትወርክ የሌለበት ሰፈር ነበርን። ሴቶቹን ይዘን ስንመለስ ተተኮሰብን። ጓደኛዬ ቆስላለች፣ ትድናለች ብለውናል። ሴቶቹ ሁሉም ገብተዋል።»

ወይዘሮ የሺ ካቡን ተደገፉ። «ሽማግሌ መጥቶ ነበር» አሉ።

ደምሌ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«እዚህ እያለሁ?»

«እዚያ እያለሽ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አለቀስሁባቸው።»

እድላዊት ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። «እማዬ፣ እሺ በያቸው። ግን ዓመቱን ጨርሼ ነው የምመጣው። ይህንንም ንገሪልኝ።»

ወይዘሮ የሺ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ደምሌ ዞሩ።

«ሽማግሌዎችህ ይመለሱ። በማለዳ ግን እንዳይሞክሯት! በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፊው መንገድ ይምጡ። 'እየሳቃችሁ ኑ' በላቸው።»

አቶ አያሌው በሰው ፊት ሲስቁ የታዩ ሰው አይደሉም። ይሁንና የመጡ ዕለት ከማሳው ማዶ ጀምሮ «ካ! ካ! ካ!» የሚል ድምፅ በገብሱ ላይ አለፈ። መሪጌታ በክርናቸው እየጎሸሙ «በርቱ፣ ገና አልሰሙም» ይሏቸዋል። ወፎች ከማሳው እየተነሱ በረሩ።

ወይዘሮ የሺ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሳቁን እየሰሙም መቃኑን አልለቀቁም። ሽማግሌዎቹ ደርሰው ቆሙና ለመኑ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ።

ከዚያ ወደ ካቡ ተጣሩ። «አንተም ና፣ ግባ! ከዚያ ኋላ መሆንህን አውቃለሁ። ልጄን ሰጥቼሃለሁ። እስክትመጣ ድረስ ግን ፍርሃቱን ለብቻዬ አትተውብኝ።»

ደምሌ ገባ። አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ስልኩን ከነጠላቸው ፈትተው በሁለቱ መካከል አስቀመጡት፤ ወዲያው አነሱትና ወደ ውጭ አሻግረው አዩ።

«እዚህ አይሠራም» አሉ። «ተነስ፣ ካቡ ሥር እንቀመጥ።»