የክላይቭ የመጨረሻ ፈተና

ክላይቭ ሃርኪን በታውንስቪል ከተማ በገዛ ጋራዡ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላትሟል። ከጠረጴዛው ላይ ለአንድ መጽሔት ሲገመግመው የነበረ ርካሽ የኤሌክትሮኒክ ሣጥን አለ፤ የቤተሰብን ፎቶና ሰነድ በኔትወርክ ሰብስቦ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ነው። ሳጅን ቬዳ ሞስቢ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ዓይኗ ሣጥኑ ላይ ቀረ። ክዳኑ ተከፍቷል። ብሎኖቹ በትንሽ ሳሕን ተቀምጠዋል፤ ደም ነክቷቸዋል። ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል።

አለቃዋ የሟቹን ሚስት ግሌኒስን እንድታስር ይጎተጉታታል። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ቬዳ ግን ነገሩ አልዋጥ አላት።

«የተጨቃጨቀ ሁሉ ቢገዳደል፣ በዚህ ሰፈር ባለትዳር ባልተረፈ» አለችው።

መጀመሪያ ሣጥኑን የሚያስመጣውን ብሬት ካውሊን ጠየቀች።

«ክላይቭ ዕቃህን ሊያጥላላው ነበር አሉ።»

«ያጥላላዋ! መብራት በድንገት ሲጠፋበት እንደሚበላሽ እኔም አላጣሁትም። እሱ ደግሞ ሁሌም ዕቃው ሥራ ላይ እያለ ገመዱን ነቅሎ ነው የሚፈትነው። አውሎ ነፋስ መብራት ሲያጠፋ ሰው ምን ይውጠዋል ይላል።»

ቀጥላ የክላይቭን ጎረቤት ሌስ ዶብሰንን ጠየቀች።

«ለመፈተኛ የእውነት ፎቶ ፈለገ፤ የሪስን ሰጠሁት። ባሕር የወሰደብኝ ልጄ ነው። ኮምፒውተሬ ከተበላሸ ወዲህ ሌላ ቅጂ የለኝም።»

ቬዳ ግሌኒስን፣ ብሬትንና ሌስን ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ብሎኖቹ የተፈቱት ደም በነካው እጅ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ የተከፈተው ክላይቭ ከወደቀ በኋላ ነው» አለች። «ብሬት ቢሆን ይዞት በሄደ ነበር፤ የሚያጋልጠው ዕቃው ነዋ። ወይዘሮ ግሌኒስ ደግሞ ይህን ሣጥን ዞር ብለው አያዩትም። ገዳዩ ግን ሬሳ አጠገብ ቆሞ ብሎን በጥንቃቄ ፈታ፣ ክላይቭ ለፈተናው የነቀለውን ገመድ መልሶ ሰካ። ሊሰብረው አይደለም፤ መልሶ እንዲሠራለት ነው። እንዲህ የሚሆነው የራሱ ነገር ውስጡ ያለበት ሰው ብቻ ነው። አቶ ሌስ፣ ክላይቭ ምን አለዎት?»

ሌስ ወለሉን እያየ መለሰ።

«‹ይሄ ሣጥን ፎቶህን ሙልጭ አድርጎ በላው› አለኝ። ይስቃል። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም።»

ግሌኒስ ቀስ ብላ ቀረበችው።

«ሌስ፣ ክላይቭ መጀመሪያ ሰውን ሳያናድድ የምሥራች ነግሮ ያውቃል? ቅጂ ሳይዝ ገመድ አይነቅልም። ያንተን ፎቶዎች አስቀድሞ እኅቴ ቤት አስቀምጧቸዋል። አሁንም እዚያው ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሌስ እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰባቸውና ፊቱን ሸፈነባቸው። ቬዳ ካቴናውን እንደያዘች ጠበቀችው።