ሰልፍ የያዘው ቲማቲም

የኮምቦልቻው ፍሳሽ ማጣሪያ ሠራተኛ ጁነይድ፣ ሦስተኛው የዝቃጭ ማድረቂያ መደብ ላይ ማጅራቱን በአካፋ ተመትቶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሸሪፋ ከደሴ ተጠርታ ስትደርስ፣ ጉድ እኮ ነው፣ አርሶ አደሩ መሕሙድ ገዳይ ተብሎ በካቴና ታስሮ ጠበቃት።

«ማዳበሪያ ከለከለኝ ብሎ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ ጸጋው። «ትናንት ሲሰድበው ሁሉም ሰምቷል። እኔ ጠዋት ከቢሮዬ ንቅንቅ አላልኩም፤ ሬሳውን ያገኘችው ከድጃ ናት።»

«ወላሂ ሰድቤዋለሁ፣ አልገደልኩትም!» አለ መሕሙድ። «ዝቃጩ ደርቆ ለማዳበሪያ ደርሷል ተብዬ ጋሪ ይዤ መጣሁ። ጁነይድ ግን ‹ከዚህ አንድ አካፋ አታነሳም፤ ቲማቲም አላበቀለም› አለኝ። ያፌዘብኝ መስሎኝ ነደደኝ።»

ሸሪፋ ወደ ላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወደ ከድጃ ዞረች። «ቲማቲም ደግሞ ምን አገባው?»

«የቲማቲም ዘር ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ከፍሳሹ ጋር ይመጣል» አለች ከድጃ እንባዋን እየጠረገች። «ዝቃጩ ሲደርስ ራሱ ይበቅላል። ካልበቀለ መርዝ ገብቶበታል ይል ነበር ጁነይድ።»

«ይኸው በቅሏል እኮ!» አለ ጸጋው። «ነገ ለገበሬው እናድላለን።»

ሸሪፋ ጎንበስ አለች። በሌሎቹ መደቦች ቲማቲሙ እዚህም እዚያም ተበትኖ ለምልሟል። ጁነይድ የወደቀበት መደብ ላይ ግን በመስመር ቆሞ ጠውልጓል። አንዱን ሳብ ስታደርገው ከነሥሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ላይ የረጋ ደም አለ።

የመሕሙድን ካቴና አስፈትታ ሦስቱንም ቧንቧው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። «በሳሙና ታጠቡ!»

የመሕሙድ አረፋ አፈር ብቻ አወጣ፤ የከድጃ ነጭ ሆነ። የጸጋው ግን አረንጓዴ።

«የቲማቲም ቅጠል የነካ እጅ እንዲህ ነው» አለች። «ከቢሮዬ አልወጣሁም አልክ፤ ችግኝ ከሌላ መደብ ነቅለህ ተከልክ። ራሱ የበቀለ ቲማቲም ሰልፍ አይዝም! ሥሩ የጁነይድ ደም ላይ ነው፤ ስለዚህ የተተከለው እሱ ከሞተ በኋላ፣ ከድጃ ሳትመጣ ነው። ሬሳ አጠገብህ ተጋድሞ ስትተክል ለምን አልጮህክም? የገደልከው አንተ ስለሆንክ! መሕሙድ ገድሎ ቢሆን መደቡ የደረሰ እንዲመስል ምን ያስጨንቀዋል? ቲማቲሙ ራሱ ያልበቀለው መርዝ ስለገባበት ነው፤ ገንዘብ ተቀብለህ የፋብሪካ ኬሚካል በጓሮ አስገብተህ ዝቃጩ ውስጥ ደባልቀሃል፤ ጁነይድ ደረሰብህ።»

«ገበሬ ምን ያውቃል!» አምባረቀ ጸጋው። «አፈሩ ጥቁር ከሆነለት ይበቃዋል!»

«ጁነይድ ያውቅ ነበር፤ አንተ ነውረኛ!» ካቴናውን ራሷ ቆለፈችበት።

መሕሙድ መደቡ ዳር ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ… ይህን መርዝ ልጆቼ የሚበሉት ጎመን ላይ ልበትነው ነበር፣ እህቴ። ምቀኛ አልኩት። አፉ በለኝ ሳልለው ሞተ።»