ከጥዱ ሥር የመጡ ቀንድ አውጣዎች

የደን ጠባቂው አዳም ከደብሩ ደን ግርጌ በሚያልፈው የኩልመስክ መንገድ ላይ በደም ተጨማልቆ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ሬሳውን አይቶ የቆመው የአይሱዙ ሹፌር ሸዕባን «ገጭተህ ገደልከው» ተብሎ በድንጋይ ተፈነከተ፤ ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ እሱም በሞተ ነበር። አሁን በካቴና ታስሮ ግንባሩን ያብሳል።

ኢንስፔክተር ወለላ ተንበረከከች። ደም በረጋበት ፀጉር ውስጥ ሦስት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ተጣብቀዋል። የአዳምን ጫማ አወለቀች። ጫማው ከውጭ ንጹሕ ነው፤ እግሩ ግን ጭቃ ለብሷል።

«አባ፣ እነዚህ ከየት ይመጣሉ?»

«ከደናችን ነዋ፣ ልጄ» አሉ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ገብረመስቀል። «ከጥዱ ሥር፣ ከእርጥቡ ቅጠል። እዚህ ጠጠር ላይ ምን ሊበሉ?»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከማን ጋር ያልተጣላ! ትናንት ከባልደረባው ከሰሎሞን ጋር ተደባድበው ገላገልናቸው። አናጢው ቢተውንም ጥድ ሲቆርጥ ይዞት ሊከሰው ነበር።»

ሰሎሞን አልካደም። «ጥርሴን አወለቀኝ፤ ይኸው እዪው። ግን ጓደኛዬ ነበር።»

ቢተው ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ደኑን ከረገጥኩ ሳምንት አለፈኝ። ሹፌሩን አትጠይቂም?»

ወለላ ደኑን ፈትሻ ስትመለስ ሁሉንም ደብሩንና ደኑን በከበበው ቅጥር በር ላይ ሰበሰበች።

«አዳም የሞተው እዚህ ውስጥ ነው» አለች። «ጥዱ ሥር ደም ረግቷል። ቀንድ አውጣዎቹ እዚያው ወጡበት፤ ሬሳውን ጎትቶ ያወረደው ሰው አላያቸውም። የተገጨ መንገደኛ እንዲመስልም በር ላይ የቀረውን ጫማ አጠለቀለት። ዱካው የሁለት ሰው ነው፤ ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው። የተረገጠ የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደ ጠርሙስ ይቆርጣል፤ አንደኛው ዱካ ደም አለው። የአዳም እግር ደግሞ ጭረት እንኳ የለበትም። በሉ፣ እንግባ።»

ሰሎሞን ጫማውን አወለቀ። ሸዕባንም በታሰረ እጁ እየታገለ አወለቀ። የሁለቱም እግር ደህና ነው። ቢተው ግን ቆሞ ቀረ።

«አንተስ?»

ቢተው ድንጋይ አንስቶ ወደ ወለላ ራስ ሰነዘረ። ሰሎሞን ከወገቡ ይዞ ጣለው፤ አፉ ደም እስኪሞላ በቡጢ ነረተው። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ በጨርቅ ታስሯል። ወለላ ከቁስሉ ውስጥ የቅርፊት ስባሪ ነቅላ አወጣች። ካቴናውን ከሸዕባን ፈትታ ለቢተው አጠለቀችለት።

«ጥድ ልትሰርቅ ስትገባ ጫማህን አወለቅህ?»

ቢተው ደሙን ተፍቶ በመገረም አያት።

«በቅጥሩ ውስጥ በጫማ ይገባል እንዴ?»